በዓይን የሚጀምር፣ በመለኪያ የሚያልቅ ቅጣት

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሾፌር ጠዋት ከቤቱ ሲነሣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። መሀል ዋሽንግተን ዲሲ ተሳፋሪ አውርዶ ወደ ደለስ አየር ማረፊያ የሚሄድ መንገደኛ ቢያገኝ፣ ገና ምሳ ሳይበላ በሦስት ሕግ ሥር አልፏል። የፍጥነት ወሰኑ በየመንገዱ ዳር ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ የጎን መስታወቱ ምን ያህል ሊጠቁር እንደሚችል የሚናገር ምልክት ግን በፖቶማክ ድልድዮች ላይ የለም። በዚህ አካባቢ ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ፣ ለአገር ቤት ዘመድም የሚልኩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ሰው በቲንት (በመስታወት ማጥቆሪያ ፊልም) ምክንያት የመቆም ዕድሉም የዚያኑ ያህል ይሰፋል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አንድ ነው፦ የቲንት ቅጣት በፖሊስ ዓይን ይጀምራል፤ ሕጉ የተጻፈው ግን በቁጥር ነው። ሾፌሩ የሚጎዳው በዓይኑና በቁጥሩ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከማንም ቀድሞ ማወቅ ያለበት እሱ ራሱ ነው።

ሦስቱም ሕጎች የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ መስታወቱ ላይ ካረፈው የሚታይ ብርሃን ከመቶ ስንት እጁ ያልፋል? ቁጥሩ ባነሰ መጠን መስታወቱ ይጠቁራል። የፌዴራሉ መንግሥት የመኪና አምራቾችን የሚያስገድድበት፣ ቁጥር 205 የተባለው የደኅንነት ደረጃ ለመንዳት በሚያስፈልጉ መስታወቶች ላይ ቢያንስ 70 ከመቶ ብርሃን እንዲያልፍ ያዛል። መኪናው ተሸጦ መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ጉዳዩ የየስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ለተራ የቤት መኪና 35 ከመቶ ትፈቅዳለች። ቨርጂኒያ ለፊት የጎን መስታወቶች 50፣ ለኋላዎቹ 35 ትጠይቃለች። ዋሽንግተን ዲሲ ከሁሉም ይልቅ ጥብቅ ናት፤ ለሴዳን ከፊት 70፣ ከኋላ 50 ከመቶ ነው፣ ለሚኒቫን ደግሞ ትንሽ ላላ ያለ ቁጥር አላት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በቫንና በኤስዩቪ ላይ ከሾፌሩ ኋላ ያሉትን መስታወቶች በአብዛኛው ይተዋሉ፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ጠቁረው ነው የሚመጡት። እንግዲህ ሜሪላንድ ውስጥ ልክ 35 ላይ የቆመ ሴዳን ከቨርጂኒያ የፊት ቁጥር 15 ነጥብ፣ ከዲሲው ደግሞ 35 ነጥብ ይጎድለዋል። ሌላ ስቴት የተመዘገበ መኪና በዚህ መጠየቅ አለመጠየቁ እንደ ሕጉ አጻጻፍ ይለያያል፤ ለምሳሌ የሜሪላንዱ ድንጋጌ በስቴቱ የምዝገባ መደብ ሥር ያሉ መኪናዎችን ጠቅሶ የተጻፈ ነው። ይህ ልዩነት ዳኛ ፊት የሚነሣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እንጀራው ሦስቱም ዘንድ የሆነ ሰው ግን በየሳምንቱ ዳኛ ፊት ሊቆም አይችልምና መኪናውን ሲያዘጋጅ ጥብቁን ቁጥር ቢይዝ ይሻለዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ስሌት ላይ ነው፤ ስሕተቱም የሕግ ዕውቀት ጉድለት አይደለም። ሱቅ ውስጥ «ሃምሳ» ተብሎ የሚሸጠው የፊልሙ ቁጥር ነው። ፊልሙ የሚለጠፍበት መስታወት ግን ራሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ብርሃን ይቀንሳል፤ ብዙ የፊት ጎን መስታወቶች ከ70 እስከ 80 ከመቶ አካባቢ ነው የሚያሳልፉት። ሁለቱ ሲገናኙ ቁጥሮቹ ይባዛሉ። መስታወቱ 75 ከመቶ ቢያሳልፍና ሃምሳ የተባለው ፊልም ቢለጠፍበት፣ ወደ ውስጥ የሚገባው የ75 ግማሽ፣ ማለትም 37.5 ከመቶ ነው። ባለመኪናው የቨርጂኒያን 50 ያሟላ መስሎት ይነዳል፤ መለኪያው ግን 37 ያነባል። በዚያው መስታወት ላይ «ሠላሳ አምስት» የተባለው ፊልም ውጤቱን ወደ 26 ያወርደዋልና በላላው በሜሪላንድ ሕግ እንኳ አያልፍም። ቨርጂኒያ ውስጥ 50ን ለመድረስ የፊልሙ ቁጥር 67 አካባቢ መሆን አለበት። የዲሲው 70 ደግሞ ለፊልም ቦታ የሚተው አይመስልም። 90 ከመቶ የሚያሳልፍ፣ ለዓይን የማይታወቅ ጥርት ያለ ፊልም እንኳ 75 በሚያሳልፍ መስታወት ላይ ሲያርፍ 67.5 ይሆናል። «ሕጋዊውን ነው ያሠራሁት» የሚል ሾፌር ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ሕጋዊ የመሰለው ግን የፊልሙ ቁጥር ነው፣ ሕጉ የሚጠይቀው የሁለቱን ጥምር ውጤት ነው። ይህን ልዩነት ለደንበኛው ሳይነግር ፊልም የሚለጥፍ ሱቅ በደል እየፈጸመ ነው።

ፖሊሱም ቢሆን ከመንገድ ዳር ሆኖ ይህን ስሌት ሊሠራ አይችልም። የሚያየው ጥቁረት በሰማዩ ብርሃን፣ በመቀመጫው ቀለም፣ በመስታወቱ ጥግ ይለዋወጣል፤ ጥቁር ወንበር ያለው መኪና ምንም ሳይለጠፍበት ጠቁሮ ይታያል። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2007 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቴት ተቃራኒ ዊሊያምስ በተባለው መዝገብ የመለሰው ይህንኑ ነው። አንድ መስታወት ምንም ካልተለጠፈበት መስታወት ይልቅ የጠቆረ መሆኑ ብቻውን መኪና ለማስቆም አይበቃም፤ ሕጉ ጥቁረትን እስከ 35 ከመቶ ድረስ ፈቅዷልና። ፖሊሱ 35 ከመቶ የሚያሳልፍ ሕጋዊ መስታወት ምን እንደሚመስል አውቆ፣ ያስቆመው መኪና ከዚያ እንዴት እንደተለየ በሚታመን መንገድ ማስረዳት አለበት። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ በመለኪያው በኩል አንድ እርምጃ ይሄዳል። ፖሊስ የሚጠቀምበት መሣሪያ በስቴቱ የተወሰነውን ደረጃ ያሟላ እንዲሆን ያዝዛል፣ ለንባቡም የሰባት ነጥብ መቻቻል ይሰጣል። በፊት የጎን መስታወት ላይ 44 ያነበበ መሣሪያ 50 ለሚለው ሕግ ጥሰት አላሳየም ማለት ነው። ቲኬት የተቀበለ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ተለክቷል ወይ? ስንት አነበበ? በየትኛው መስታወት ላይ?» መሆን የሚገባው ለዚህ ነው። መልሱ ቲኬቱ ላይ ከሌለ፣ አለመኖሩ ራሱ ለክርክሩ መነሻ ነው።

ክፍተቱ ለምን እንዲህ እንደሚያሳስብ ለመረዳት ከቲንት ሰፋ ያለውን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። በ1993 ዋሽንግተን ዲሲ ደቡብ ምሥራቅ ውስጥ ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ወጣቶች የያዘ ፓዝፋይንደር መኪና «ቁም» በሚለው ምልክት ላይ ከ20 ሰከንድ በላይ ቆሞ ያያሉ፤ ሲዞሩ መኪናው ምልክት ሳያሳይ ታጥፎ ይፈጥናል፣ ያስቆሙታል፣ አደንዛዥ ዕፅ ያገኛሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1996 ሬን ተቃራኒ ዩናይትድ ስቴትስ በተባለው ፍርድ በሙሉ ድምፅ የወሰነው፣ ፖሊሱ የትራፊክ ጥፋት መፈጸሙን ለማመን በቂ ምክንያት እስካለው ድረስ በልቡ የነበረው ሌላ ዓላማ ማስቆሙን ሕገ ወጥ አያደርገውም ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ትናንሽ የመኪና ጉድለቶች ሁሉ የመጠየቂያ በር ሆነዋል። ከእነሱም መካከል ቲንት ልዩ ነው፤ የተቃጠለ መብራት ወይ ይበራል ወይ አይበራም፣ የመስታወት ጥቁረት ግን ግምት ነው፤ ግምት ባለበት ማን እንደሚቆምና ማን እንደሚያልፍ የሚወስነው የተመልካቹ ዝንባሌ ይሆናል። በዲሴምበር 2020 ዊንድዘር በተባለች የቨርጂኒያ ከተማ ፖሊሶች ካሮን ናዛሪዮ የተባለውን የጦር ሠራዊት ሁለተኛ መቶ አለቃ ሲከተሉ የሰጡት ምክንያት የኋላ ሰሌዳ የለውም፣ መስታወቱም ጠቁሯል የሚል ነበር። ጊዜያዊ ሰሌዳው የኋላው መስታወት ላይ ተለጥፎ ነበር። ብርሃን ያለበት ነዳጅ ማደያ ድረስ ቀስ ብሎ ነድቶ የቆመው ሰው መሣሪያ ተደቅኖበት በሚያቃጥል ርጭት ፊቱን ተመታ፤ በመጨረሻም ያለ ክስ ተለቀቀ።

ቨርጂኒያ ለዚህ ዓይነቱ ችግር የሰጠችው መልስ ከሌሎቹ ይለያል። ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ በተገደለበት በ2020 የስቴቱ ሸንጎ በልዩ ስብሰባ ያወጣውና ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ፣ ፖሊስ በቲንት ምክንያት ብቻ መኪና እንዳያስቆም ይከለክላል፤ በዚያ መንገድ መኪና አስቁሞ የተገኘ ማስረጃም ባለመኪናው ፈቅዶ ያስፈተሸው ቢሆን እንኳ ፍርድ ቤት አይቀበለውም። ይህ ማለት ግን ጥቁር መስታወት ቨርጂኒያ ውስጥ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ከወሰን በላይ በመፍጠኑ እንዲቆም የተደረገ ሾፌር መስታወቱ ከተለካና ከጎደለ የቲንቱ ቲኬት ይጨመርለታል። በአገሬው ሰው ዘንድ «ቨርጂኒያ ቲንት ትታለች» እየተባለ የሚወራው ወሬ ሰው እያሳሳተ ነውና ይህ በደንብ ሊታወቅ ይገባል።

እዚህ ላይ የፖሊሶችን ወገን መከራከሪያ በቀላሉ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በሌሊት ወደማያውቁት መኪና የሚጠጉ ሰዎች ናቸው፤ ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ፣ እጆቹ የት እንዳሉ ካላዩ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። ከፖሊስ ውጭም ቢሆን እግረኛው መንገድ ሲሻገር የሾፌሩን ዓይን ይፈልጋል፤ ሾፌሩም በመሸ ጊዜ ጥቁር ልብስ የለበሰውን ሰው በጠቆረ መስታወት ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ወሰን መኖሩ ትክክል ነው፣ ቢያንስ ለፊት መስታወቶች። ከዚህ እውነት ግን «የመሰለህን አስቁም» የሚል መደምደሚያ አይወጣም፤ የሚወጣው ወሰኑ በቁጥር ይጻፍ፣ በመሣሪያ ይለካ የሚለው ነው። ሾፌሩም ፍርሃቱን አውቆ ሊያቃልለው ይችላል። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያጠቃልለው የአራተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1997 ስታንፊልድ በተባለው መዝገብ፣ በሕጋዊ መንገድ እንዲቆም የተደረገ መኪና መስታወቱ ውስጡን እስከማያሳይ ከጠቆረ ፖሊሱ በር ከፍቶ ከውጭ ሆኖ ማየት ይችላል ብሏል። እንግዲህ የጠቆረ መስታወት ለባለቤቱ ግላዊነት ይሰጠኛል ብሎ የሚያስብ ሰው በተግባር ያገኘው ተቃራኒውን ነው። መኪናው እንደቆመ አራቱንም መስታወት ማውረድ፣ ሌሊት ከሆነ የውስጡን መብራት ማብራት፣ እጅን መሪው ላይ ማኖር ያንን በር ሳይከፈት ያስቀረዋል። ውጣ ከተባለ መውጣት ግዴታ ነው፤ ይህ ከ1977 ጀምሮ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቋም ነው። መኪናህን ልፈትሽ ለሚለው ጥያቄ ግን በትሕትና «አልፈቅድም» ማለት ይቻላል፤ ያው ፍርድ ቤት በ2015 ሮድሪጌዝ በተባለው መዝገብ እንደወሰነው፣ ሌላ ጥርጣሬ ከሌለ ቲኬቱ ከሚጠይቀው ጊዜ በላይ ሾፌሩን ማቆየትም አይፈቀድም። ስለ ጥቁረቱ መከራከር ግን መንገድ ዳር ምንም አያስገኝም፤ እዚያ ዳኛ የለም።

«ከፍሎ መገላገል አይሻልም ወይ?» የሚለው መከራከሪያ የሥራ ሰው መከራከሪያ ነውና ክብደት አለው። የፍርድ ቤት ቀን የገቢ ቀን አይደለም። ነገር ግን መክፈል ጥፋቱን ማመን ነው፤ ፊልሙም መስታወቱ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያየው ሌላ ፖሊስ ያለፈውን ክፍያ እንደ ፈቃድ አይቆጥረውም። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በቲኬቱ ፈንታ ወይም ከእሱ ጋር የጥገና ትእዛዝ ይሰጣል፣ ብዙዎች አንድ ነገር አድርገው የሚያዩት ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ለጥገናው 10 ቀን ይሰጣል፤ መስታወቱ መስተካከሉን የሚያረጋግጠው ሰነድ በ30 ቀን ውስጥ ካልደረሰ የመኪናው ምዝገባ ሊታገድ ይችላል፣ ቲኬቱ ተከፍሎም ቢሆን። ምዝገባው በታገደ መኪና ተሳፋሪ ጭኖ መቆም ደግሞ ከቲንት እጅግ የከበደ ጉዳይ ነው። ፖስታ ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ የሚከማችበት ቤት ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው፤ አድራሻ ሲቀየር ለተሽከርካሪዎች መምሪያው ማሳወቅ ከጠበቃ በፊት የሚመጣ ጥበቃ ነው።

መከራከር የወሰነ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። የሜሪላንድ ቲኬት በስቴቱ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት፣ የቨርጂኒያው በጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት፣ የዲሲው አብዛኛውን ጊዜ በተሽከርካሪዎች መምሪያው የክርክር ክፍል ይታያል። የሜሪላንዱ ተከሳሽ በ30 ቀን ውስጥ ሦስት ምርጫ አለው፤ መክፈል፣ ጥፋቱን አምኖ ምክንያቱን ማስረዳት፣ ወይም ሙሉ ችሎት መጠየቅ። ፊልሙን አውልቆ የመጣ፣ ከመውለቁ በፊትም በኋላም ቀን ያለበት የልኬት ወረቀት የያዘ ሰው በሁለተኛው መንገድ ብዙ ሊያተርፍ ይችላል። ሙሉ ችሎት የሚያዋጣው ቁጥሩ በወሰኑ ላይ ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን በልኬት ላረጋገጠ፣ ወይም ፖሊሱ ሳይለካ ለከሰሰው ሰው ነው። በዚህ ሁኔታ ፊልሙን ከማስለካት በፊት ማውለቅ የራስን ማስረጃ በእጅ ማጥፋት ነው። ቁጥሩ 26 መሆኑ ከታወቀ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ማቆየት አይገባም። ቋንቋን በተመለከተ ሳይጠቀሙበት የሚቀር መብት አለ። መንገድ ላይ የሚበቃ እንግሊዝኛ «መቻቻል»፣ «ንባብ»፣ «ተቃውሞ» በሚባልበት ክፍል ላይበቃ ይችላል። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ለትራፊክ ጉዳይ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይመድባሉ፤ የዲሲ መሥሪያ ቤቶችም ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወዲህ በአማርኛ የማገልገል ግዴታ አለባቸው። አስተርጓሚ ግን አስቀድሞ ይጠየቃል፤ በቀጠሮው ቀን ዘመድ ይዞ መምጣት እሱን አይተካም።

የቀረው ተቃውሞ የሙቀት ነው፤ እውነትም የዋሽንግተን ጁላይ መኪና ውስጥ ለሚውል ሰው ቀላል አይደለም። ጥቁረትና ቅዝቃዜ ግን አንድ አይደሉም። ከፀሐይ ከሚመጣው ኃይል ግማሽ ያህሉ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ጨረር ነው፤ ሴራሚክ የሚባለው ፊልም ከዚያ ብዙውን አግዶ ብርሃኑን ግን ሊያሳልፍ ይችላል። ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው አልትራቫዮሌትም ጥቁረት ሳይጠይቅ ይከለከላል። በ2016 በጃማ ኦፍታልሞሎጂ መጽሔት የወጣ ጥናት የተለያዩ መኪናዎችን ለክቶ፣ የፊተኛው መስታወት ከአልትራቫዮሌት ኤ ጨረር በአማካይ 96 ከመቶ ሲከለክል የጎኑ 71 ከመቶ ብቻ እንደሚከለክል፣ አንዳንዱም እስከ 44 እንደሚወርድ አሳይቷል። ቀኑን ሙሉ ግራ ክንዱን ፀሐይ ለሚያገኘው ሾፌር ይህ ችላ የሚባል አይደለም። ሐኪም ያረጋገጠው እንደ ሉፐስ ያለ በሽታ ላለበት ሰው ሕጉ ራሱ መንገድ ትቷል፤ ለምሳሌ ቨርጂኒያ በሕክምና ፈቃድ የፊት ጎን መስታወት እስከ 35 ከመቶ እንዲወርድ ትፈቅዳለች፤ ፈቃዱ ግን መኪናው ውስጥ መገኘት አለበት።

ያገለገለ መኪና ገዝቶ «እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ» የሚለው መልስ ዳኛውን ሊያሳዝነው ይችላል እንጂ ክሱን አያፈርስም፤ ተጠያቂው የሚነዳው ሰው ነው። ስለዚህ ልኬቱ ከግዢው በፊት መምጣት አለበት፣ ከጎማና ከሞተር ምርመራ ጋር። አዲስ ፊልም ሲለጠፍ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የፊልሙ ስም ብቻ ሳይሆን ከተለጠፈ በኋላ በእያንዳንዱ መስታወት ላይ የተነበበው ቁጥር እንዲጻፍ መጠየቅ ይገባል፤ መለኪያ የሌለው ሱቅ ቁጥሩን ሊያረጋግጥ አይችልም። በሦስቱም ግዛቶች ለሚሠራ ሴዳን የፊት ጎን መስታወቶቹ ከፋብሪካ እንደመጡ ቢቀሩ ይመረጣል፣ ለኋላዎቹም ከነመስታወቱ ሲለካ ከ50 የማያንስ በቂ ነው። ከሜሪላንድ የማይወጣ ሰው 47 ገደማ የሆነ ፊልም 75 በሚያሳልፍ መስታወት ላይ ቢያስለጥፍ 35ን ይደርሳል፤ መስታወቱ ግን በትክክል 75 መሆኑን ፊልሙ ከመቆረጡ በፊት ያስለካ።